ጃንክ ሪግ ምንድን ነው?

ስሙን ስትሰሙ ጃንክ ፉድ ትዝ እንዳይላችሁ። ዝምድና የላቸውም። ጃንክ ቻይናዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ዕቃ ሲጭኑባት፣ ዓሣ ሲያጠምዱባት የኖሩባት መርከብ ናት፤ ስሟ በጃቫና በማላይ ቋንቋዎች «ጆንግ» ከሚለው ቃል ተነስቶ በፖርቹጋሎች አፍ ዞሮ ነው የመጣው። ጃንክ ሪግ የሚባለው የሷ ሸራና ምሰሶ አሠራር ነው። ዛሬም ጥቂት ሰዎች፣ ጥቂት ግን ድርቅ ያሉ፣ ለረጅም ጉዞ በሚያዘጋጇቸው የሸራ ጀልባዎች ላይ ይተክሉታል።

ጃንጥላ አስቡ። ጨርቁን ወጥሮ የያዘው ሽቦው ነው አይደል? እዚህም ሸራውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ ዘንጎች አሉ። ድሮ ቀርከሃ ነበሩ፣ አሁን ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ናቸው። ሸራውን አምስት፣ ስድስት ወይም ሰባት ቦታ ይከፍሉታል፣ ከየዘንጉ ጫፍ ደግሞ ገመድ ይወርዳል። ምሰሶው ብቻውን ነው የሚቆመው። በተለመደው ጀልባ ላይ ከግራ ከቀኝ ወጥረው የሚይዙት የብረት ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ ሲበጠስ ምሰሶው ሊወድቅ ይችላል። የጃንክ ምሰሶ ግን እንደ ዛፍ ነው፣ የጀልባውን ጣሪያ በስቶ እስከ ታች ወርዶ ይተከላል።

ጥቅሙ የሚገባችሁ ሌሊት ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ውቅያኖስ መሀል፣ ንፋሱ ድንገት በረታ እንበል። ሸራ ካልቀነሳችሁ ጀልባዋ በጎኗ ትተኛለች። በብዙ ጀልባዎች ላይ ከሞቀ አልጋ ተነስቶ፣ ልብስ ደራርቦ፣ ራስን በገመድ አስሮ፣ በሚንሸራተተው ወለል ላይ እየዳኹ እስከ ምሰሶው መሄድ አለ። በጃንክ ግን ሸራውን የሰቀለውን ገመድ ትለቁታላችሁ፣ በቃ። ሸራው በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፣ አንዱ ክፍል በሌላው ላይ ይተጣጠፍና ከሥር እንደ ቅርጫት በያዙት ገመዶች ላይ ቁጭ ይላል። ሁለት ክፍል አውርዳችሁ፣ ገመዱን አስራችሁ፣ ወደ አልጋ።

ይህን ለአውሮፓውያን በተግባር ያሳየው ብሎንዲ ሃስለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በታንኳ ወደ ፈረንሳዩ ቦርዶ ወደብ ዘልቀው ፈንጂ ያጠመዱትን የእንግሊዝ ኮማንዶዎች የመራ መኮንን ነበር። በ1960 ከእንግሊዙ ፕሊመዝ እስከ ኒውዮርክ ብቻን በሚደረገው የሸራ ጀልባ ውድድር «ጄስተር» በምትባል 7.6 ሜትር ጀልባ ገባ። ሸራዋ አንድ ጃንክ ብቻ። መሪውን በንፋስ ለሚሠራ መሣሪያ ሰጥቶ፣ ራሱ ከጣሪያው ክብ ቀዳዳ ብቅ እያለ ሸራውን ያዛል። በ48 ቀን ደረሰ፣ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው ፍራንሲስ ቺቼስተር 40 ቀን ፈጀበት፣ ጀልባው ግን 12 ሜትር ገደማ ነበረች።

ሌላም አለ። ሸራው ላይ ያለው ጭነት ትንሽ ስለሆነ ቤት ውስጥ ባለች የልብስ ስፌት መኪና መስፋት ይቻላል። ቢቀደድም ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ ዘንጉ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ችግሩስ? ትልቁ ንፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ መሄድ ነው። የትኛውም የሸራ ጀልባ በቀጥታ ወደ ንፋስ አይሄድም፣ ዚግዛግ እየሠራ ነው የሚጠጋው። ለዚያ ሸራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ ጎበጥ ማለት አለበት፤ ጥንታዊው የጃንክ ሸራ ግን ዝርግ ነው፣ ስለዚህ ሌሎቹ ጀልባዎች ጥለውት ይሄዳሉ። አሁን እያንዳንዱን ክፍል ትንሽ ሆድ ሰጥተው እየሰፉት ልዩነቱ በጣም ጠቧል። እኔ ዛሬ ባሠራ ዝርጉን አላሠራም።

ሸራው ከነዘንጎቹ ከባድ ነው፣ ሲሰቅሉት ወገብ ይፈትናል። ገመዱ ብዛቱ! ለዓይን ሳይቀር ያደክማል። ንፋስ ጠፍቶ ማዕበሉ ሲቀር ደግሞ ዘንጎቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቋቁ ያድራሉ። ያ ግዙፍ ምሰሶም የፊተኛውን መኝታ መሀል ላይ ሊቆም ይችላል። የማይሰበር አይደለም፤ በ1968ቱ ዓለምን በመዞር ውድድር የቢል ኪንግ ባለ ሁለት ምሰሶ ጃንክ ደቡብ አትላንቲክ ላይ ተገልብጣ ምሰሶዋ ተጎዳ፣ እሱም ውድድሩን ጥሎ ኬፕታውን ገባ።

ሽያጩም ቀላል አይደለም። ገዢ መጥቶ አንዴ ቀና ብሎ ያያል፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል። ስለዚህ ጃንክ የምትፈልጉ ከሆነ ያገለገለ ፈልጉ፣ ዋጋ ላይም ጠበቅ ብላችሁ ተከራከሩ።