የባሕር ሳይንስ ስኮላርሺፕ፦ ማን ይከፍላል፣ ለማን ይከፍላል

የባሕር ሳይንስና የውቅያኖስ ጥበቃ በማስተርስ ወይም በፒኤችዲ ደረጃ መማር ለሚፈልግ ሰው ገንዘቡ አለ። ግን አንድ ቦታ አይገኝም። አንዱን የአውሮፓ ኅብረት ይከፍለዋል፣ ሌላውን የቤልጂየም የልማት ትብብር፣ ሌላውን የጃፓን ድርጅት፣ ሌላውን የሳዑዲ ዩኒቨርሲቲ። ከፋዩ ለምን እንደሚከፍል ሳያውቁ ያገኙት ቦታ ሁሉ ማመልከት ጊዜ ማቃጠል ነው።

የኛ አገር ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ እዚህ ጥያቄ ላይም አይደርስም። «እኛ ባሕር የለን፣ ማን ይቀበለኛል?» ብሎ ገና ከመነሻው ይተወዋል። ይሄ ከልቤ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 238 ላይ ማንኛውም አገር፣ የትም ይገኝ የት፣ በባሕር ላይ ሳይንሳዊ ምርምር የማድረግ መብት እንዳለው ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ማሪያና ትሬንች ወደሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ገደል ወለል፣ 11 ሺሕ ሜትር ወደሚጠጋ ጥልቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረዱት ሁለት ሰዎች አንዱ ዣክ ፒካር ነው። ፒካር የስዊዘርላንድ ዜጋ ነበር። ስዊዘርላንድም ባሕር የላትም።

ከአውሮፓ ልጀምር። ኢራስመስ ሙንዱስ በተባለው የአውሮፓ ኅብረት የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ሥር ኢምበርሲ የሚባል የሁለት ዓመት ማስተርስ አለ። የሚያስተባብረው የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ነው። ትምህርቱ ስለ ባሕር ሕያው ሀብት ሲሆን በአንድ ከተማ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ አይደለም። ተማሪው እንደ ምርጫው ቤልጂየም፣ ፈረንሳይ፣ ፖርቱጋል፣ ስፔን፣ ጣሊያን ወይም አየርላንድ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎችና የባሕር ዳርቻ የምርምር ጣቢያዎች እየተዘዋወረ ይማራል። የኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ ያሸነፈ ሰው የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፤ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ድረስ ያገኛል። ብዙ ገንዘብ ይመስላል፣ ነውም፤ ግን የአውሮፕላን ትኬቱ፣ ቪዛው፣ የቤት ኪራዩና በየሴሚስተሩ ዕቃ ጠቅልሎ አገር መቀየሩ ሁሉ ከእሱው ላይ ስለሚወጣ፣ በተለይ ለመነሻው ከራስ ወይም ከቤተሰብ የተወሰነ ብር መያዝ ግድ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ፕሮግራሙ ራሳቸው ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችንም ይቀበላል። «ተቀብለንሃል» የሚል ደብዳቤ ስለመጣ ስኮላርሺፑ ተገኘ ማለት አይደለም። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ለኢትዮጵያዊ ተማሪ በጣም የሚመቸው ግን ሌላኛው የቤልጂየም በር ይመስለኛል። የብራስልስ ቭሬይ፣ የጌንትና የአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሰጡት የባሕርና የሐይቅ ሳይንስና አስተዳደር ማስተርስ ነው። ባሕርና ሐይቅ አንድ ላይ! ቭሊር-ኡኦስ በተባለው የቤልጂየም ዩኒቨርሲቲዎች የልማት ትብብር ድርጅት በኩል ለታዳጊ አገር ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ሲሰጥበት ቆይቷል። ቭሊር-ኡኦስ ደግሞ ከጅማ፣ ከመቐለና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለዓመታት ስለሠራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ጀርመን ብሬመን ውስጥ ያለው ኢሳቴክ የተባለው የሐሩር ክልል የውኃ ሥነ ምህዳር ማስተርስም በተመሳሳይ መንፈስ የተቋቋመ ነው። ለእሱ ዳአድ በተባለው የጀርመን ድርጅት በኩል ድጋፍ ይገኛል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ነው የኛ ሐይቆች የሚገቡት። ጣና ላይ የእንቦጭን መስፋፋት በሳተላይት ምስል የተከታተለ ልጅ፣ ባሕር ላይ የአልጌ መብዛትን ለመከታተል የሚያስፈልገውን መሠረት ይዟል። ባቱ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ውኃ ቀድቶ ፕላንክተን (ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) የቆጠረና ክሎሮፊል የለካ ሰው ነገ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ያው ነው። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙት የላቤዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች እኮ ከመላው ዓለም ተመራማሪ የሚስቡ ናቸው! ስለዚህ በማመልከቻ ደብዳቤ ላይ «ባሕር አይቼ ባላውቅም ፍላጎት አለኝ» ብሎ ከመጀመር የሠሩትን የሐይቅ ሥራ በዝርዝር መጻፍ ብዙ እጥፍ ይሻላል። ዋናተኛ ወይም ጠላቂ መሆንም ግዴታ አይደለም። የዘርፉ ትልቅ ክፍል የሚሠራው በቤተ ሙከራ፣ በኮምፒውተር ሞዴልና በሳተላይት መረጃ ነው።

በርቀት ካየነው ደግሞ ከሁሉም የሚቀርበን ቀይ ባሕር ነው። ከጅዳ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ቱዋል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ካውስት፣ የራሱ የቀይ ባሕር ምርምር ማዕከል አለው። ወደ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ፕሮግራሙ የገባ ተማሪ ለብቻው ስኮላርሺፕ ፍለጋ አይሮጥም። ቅበላው ራሱ ክፍያውን፣ የኪስ ገንዘቡን፣ መኖሪያውንና ሕክምናውን ይዞ ይመጣል። ዋና ከሚጠኑት ነገሮች አንዱ ኮራል፣ ባሕር ውስጥ እንደ ድንጋይ ያለ መዋቅር የሚሠራው ትንሽ እንስሳ፣ ነው። ሌላ ቦታ ያሉ ኮራሎች ባሕሩ ሲሞቅ እየነጡ ሲሞቱ፣ በተለይ የሰሜን ቀይ ባሕር ኮራሎች ሙቀትን በሚገርም ሁኔታ ይቋቋማሉ። ለምን? መልሱ ለመላው ዓለም ይጠቅማል። ሳዑዲ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ለጉልበት ሥራ የሄዱ እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንን ነው። በዚያው አገር፣ በዚያው ባሕር ዳር፣ የኛ ልጅ ተመራማሪ ሆኖ እንዲቆም ምኞቴ ነው።

ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች ደግሞ ስዊድን ማልሞ ያለው የዓለም ማሪታይም ዩኒቨርሲቲ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ተቋቁሟል። ማስተርሱ 14 ወር ይፈጃል፤ የውቅያኖስ አስተዳደርና ዘላቂነትም አንዱ ዘርፉ ነው። በጃፓን ገንዘብ የሚሰጠው የሳሳካዋ ፌሎውሺፕ እዚያ ይታወቃል። በመርከብ፣ በወደብና በማሪታይም አስተዳደር ለሚሠሩ ይመጥናል፣ አብዛኛውን ጊዜም የመሥሪያ ቤት ድጋፍ ይፈልጋል።

አሜሪካ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ታዋቂው የዶክተር ናንሲ ፎስተር ስኮላርሺፕ የአገሪቱን የውቅያኖስ አገልግሎት ትመራ በነበረችው ሳይንቲስት ስም፣ እሷ ባረፈችበት እ.ኤ.አ. በ2000፣ በኮንግረስ ሕግ የተቋቋመ ነው። ሴቶችንና በዘርፉ በብዛት የማይታዩ የኅብረተሰብ ክፍሎችን ለማበረታታት ታስቦ የወጣ ሲሆን የባሕር ባዮሎጂን፣ ኦሽኖግራፊን (የውቅያኖስ ጥናት)ና የባሕር አርኪዮሎጂን ይሸፍናል። ግን ለአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚያመለክት ሰው ይለፈው፤ ዋሽንግተን ወይም ሲያትል ተወልደው ላደጉ ልጆቻችን ግን የተዘጋጀ ይመስላል። ከአገር ቤት ለሚሄድ ተማሪ የአሜሪካ መንገድ ሌላ ነው። በፒኤችዲ ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ዩኒቨርሲቲው ወይም የፕሮፌሰሩ የምርምር በጀት ነው፤ ማስተማር ወይም ምርምር ላይ ማገዝ በምትኩ ይጠበቃል። ስለዚህ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ለፕሮፌሰሩ አጠር ያለ፣ ሥራውን አንብባችሁ እንደጻፋችሁ የሚያሳይ ኢሜይል መላክ ዋናው እርምጃ ነው። ለ50 ሰው የተላከ አንድ ዓይነት ኢሜይል ወዲያው ይታወቃል።

«ስኮላርሺፕ እናስጨርሳለን» እያለ ቴሌግራም ላይ ብር የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ እለፉት። ከላይ ያሉት ሁሉ ማመልከቻ የሚቀበሉት በቀጥታ ነው። ገንዘባችሁን ይልቅ ለእንግሊዝኛ ፈተናና ለሰነድ አውሉት። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የኮስት ሸሪንግ ጣጣ ሳያልቅ በቀላሉ አይወጣም፤ አስተማሪዎችም የድጋፍ ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ የአውሮፓ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚቀበሉባቸው ወራት ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሆኑ የወረቀቱን ሥራ ክረምት ላይ ጀምሩት።