ፓራናል ምንድን ነው?

የተያያዘ ከሰል ማንደጃ አጠገብ ተቀምጦ ከፍሙ በላይ አሻግሮ ግድግዳውን ያየ ሰው፣ ግድግዳው ሲርገበገብ ማየቱ አይቀርም። የሚንቀሳቀሰው ግን ግድግዳው ሳይሆን በመካከል ያለው ሞቃት አየር ነው። ኮከብ ብልጭ ድርግም የሚለውም በአየር መናወጥ ነው። ልጆችን የሚያስደስተው ይህ ነገር ለሥነ ፈለክ ተመራማሪ ራስ ምታት ነው። በፓራናል ተራራ ላይ ያለው ነገር ሁሉ፣ ከጉልላቱ እስከ መኝታ ቤቱ መጋረጃ፣ የተሠራው ከሚናወጥ አየርና ከባዕድ ብርሃን ለማምለጥ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ፓራናል በሰሜን ቺሊ፣ በአታካማ በረሃ የሚገኝ 2,635 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ጫፉ ላይ ያለውን ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ) የሚያስተዳድረው በ1962 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ የተባለ ድርጅት ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ ጀርመን ውስጥ በሙኒክ አቅራቢያ ነው። ወጪውን 16 የአውሮፓ አገሮች ይጋራሉ።

ታዲያ አውሮፓውያን ይህን ሁሉ ርቀው ለምን ሄዱ? አንደኛ፣ የጋላክሲያችን፣ ማለትም ፀሐያችን ያለችበት ግዙፍ የከዋክብት ስብስብ፣ እምብርት ከአውሮፓ ሲታይ አድማሱን ታክኮ የሚያልፍ ሲሆን ከፓራናል ግን ከአናት በላይ ነው። ሁለተኛው ድርቀቱ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው፤ ሆኖም የባሕሩ ውኃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ደመናው ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ዳርቻው ላይ ተኝቶ ይቀራል፣ ተራራው ከበላዩ ሆኖ ያየዋል። በዓመት ከ300 የሚበልጡ ሌሊቶች ጥርት ያሉ ናቸው። የዚህ ዋጋ ደግሞ ውኃ ነው፤ የሚጠጣውም የሚታጠቡበትም በቦቴ መኪና ነው የሚመጣው።

ግንባታው የተጀመረው ተራራውን በመቁረጥ ነበር። በ1991 ጫፉ በፈንጂ ተመትቶ 28 ሜትር ገደማ ዝቅ ተደረገና ሜዳ ሆነ። እዚያ ሜዳ ላይ የቆሙት አራት ግዙፍ ቴሌስኮፖች በአንድነት የሚጠሩበት ስም ሲተረጎም «በጣም ትልቅ ቴሌስኮፕ» ማለት ነው። መሐንዲስ ስም ሲያወጣ እንዲህ ነው። ደግነቱ ለየራሳቸው የተሰጣቸው ስም ያምራል፤ በአካባቢው ተማሪዎች መካከል በተደረገ ውድድር ከአገሬው የማፑቼ ሕዝብ ቋንቋ ተመርጦ አንቱ፣ ኩዬን፣ ሜሊፓልና የፑን ተባሉ። ለእኛ ጆሮ የመጀመሪያው ቴሌስኮፕ ከነአክብሮቱ የሚጠራ ይመስላል፤ በእነሱ ቋንቋ ግን አንቱ ፀሐይ ነው። ኩዬን ጨረቃ፣ ሜሊፓል ደግሞ የደቡብ መስቀል የተባለው የኮከቦች ስብስብ ነው። የፑን መጀመሪያ ሲሪየስ የተባለችው ኮከብ ነው ተብሎ ነበር፤ በኋላ ሲጣራ የምሽቷ ቬነስ ሆና ተገኘች።

የእያንዳንዱ ቴሌስኮፕ ዋና መስታወት 8.2 ሜትር ስፋት አለው። እንጦጦ ላይ ካሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ከአንዱ ጋር ሲነጻጸር ከ60 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል ማለት ነው። ውፍረቱ ግን 17.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ወደ እንጀራ ምጣድ መጠን ብናሳንሰው ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። እንዲህ የሳሳ ነገር በራሱ ክብደት ይጎብጣል፤ ስለዚህ ከሥሩ 150 ደጋፊዎች በኮምፒውተር እየታዘዙ ገፋ ለቀቅ እያደረጉ ቅርጹን ይጠብቁለታል።

አየሩስ? መጀመሪያ የራስን ማንደጃ ማጥፋት ያስፈልጋል። ቀን የሞቀ ጉልላት ማታ ሲከፈት የሚያወጣው ሙቀት ምስሉን ስለሚያበላሽ፣ ውስጡ ቀኑን ሙሉ የመጪውን ሌሊት ቅዝቃዜ ያህል እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ከላይ ላለው አየር ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ። የፑን የተባለው ቴሌስኮፕ አራት ብርቱካንማ የሌዘር ጨረሮች ወደ ሰማይ ይለቃል፤ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ የሶዲየም አተሞች በጨረሩ ይበሩና ሰው ሠራሽ ኮከብ ይሆናሉ። እነዚህ «ኮከቦች» ሲናወጡ ኮምፒውተሩ መጠኑን ይለካል፤ አንድ ስስ መስታወትም በሴኮንድ እስከ ሺህ ጊዜ ቅርጹን እየቀየረ ናውጡን ያካክሳል።

አራቱን አንድ ላይ ማሠራትም ይቻላል። ብርሃናቸው በከርሰ ምድር ዋሻ ተመርቶ ሲገናኝ፣ ዝርዝር ለመለየት እስከ 130 ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ያህል ጉልበት ያገኛሉ። በግንቦት 2018 ኤስ2 የተባለችው ኮከብ በጋላክሲያችን እምብርት ያለውን ብላክ ሆል (ብርሃን እንኳ ከስበቱ የማያመልጠውን አካል) ከ20 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ታክካ ስትከንፍ የተከታተሏት በዚህ መንገድ ነው። ፍጥነቷ በሰዓት ከ25 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። አንድ ዙር የሚፈጅባት 16 ዓመት ስለሆነ ጉዞዋን እስከ መጨረሻው መከታተል ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር፤ የዚህ ክትትል መሪ ራይንሃርድ ጌንዘል በ2020 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኗል።

ሠራተኞቹ የሚያድሩበት ቤት ከፊሉ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው። አመሻሽ ላይ መስኮቶቹ ሁሉ በጥቁር መጋረጃ ይጋረዳሉ፣ ጫፉ ላይ የሚሄድ መኪናም ትልቁን መብራት አያበራም።

20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አርማዞኔስ በተባለ ተራራ ላይ፣ ከ798 ቁርጥራጭ መስታወቶች የሚገጣጠም 39 ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ሲገነባ ቆይቷል፤ የሚታዘዘውም ከፓራናል ሆኖ ነው። የእሱም ሥራ የተጀመረው የተራራውን ጫፍ በፈንጂ በመቁረጥ ነበር።