ሕፃናት እግረኞች በተጨናነቀ የከተማ መንገድ

በመንገድ አደጋ በዓለም ዙሪያ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው ይሞታል፤ ከአምስቱ ሟቾች ከአንዱ በላይ እግረኛ ነው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን በመግደል ከየትኛውም በሽታ የሚቀድመው ይኸው አደጋ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ጉዳዩ የመንገድ መሐንዲሱን፣ የትራፊክ ፖሊሱን፣ መምህሩንና ወላጁን ሁሉ ይመለከታል። ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ ሸክሙ የተጣለው በልጁ ላይ ነበር፦ ግራና ቀኝ እይ፣ አትሩጥ፣ ተጠንቀቅ።

ስዊድናዊቷ ተመራማሪ ስቲና ሳንዴልስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረጉት ጥናት ትንንሽ ልጆችን በማስተማር ብቻ ከትራፊክ ጋር ማላመድ እንደማይቻል አሳዩ። ምክንያቱን ለማየት ልጁ ከሚቆምበት ቁመት ዝቅ ብሎ መመልከት ይበቃል። የሰባት ዓመት ልጅ ቁመቱ 1.2 ሜትር ገደማ ነው። ዳር በቆሙ ሁለት መኪኖች መካከል ሲቆም የሚመጣውን መኪና አያይም፤ ሹፌሩም እሱን አያየውም። ለማየት ጥቂት ወደ አስፋልቱ መውጣት አለበት፤ ያን ጊዜ ደግሞ መንገዱ ውስጥ ገብቷል። መኪናው ምን ያህል እንደሚፈጥን ማመዛዘን፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ መለየት፣ ኳሱ ሲያመልጠው ራሱን መግታት ገና ያልጠኑለት ችሎታዎች ናቸው። ቤት ውስጥ ደንቡን አሳምሮ የሚመልስ ልጅ እንኳ ጓደኛውን ማዶ ሲያይ ይረሳዋል። ይህን ቅብጠት ብሎ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም፤ ልጅነት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚወስነው ፍጥነት ነው። ሹፌር ልጅ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በዚያች ሰከንድ ከ8 ሜትር ጥቂት ከፍ ያለ ርቀት ይሄድና በደረቅ አስፋልት ላይ ሌላ 5 ሜትር ያህል ገፍቶ ይቆማል። በ50 የሚነዳው ግን በአንዷ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። እንግዲህ አንድ ልጅ 13 ሜትር ተኩል ፊት ለፊት ድንገት ቢገባ፣ የመጀመሪያው መኪና ልጁ ጋ ሳይደርስ ይቆማል፤ ሁለተኛው ገና ፍሬን ሳይዝ በሙሉ ፍጥነቱ ይመታዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ መንገድ ደኅንነት ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የሚኒስትሮች ጉባኤ የወጣው የስቶክሆልም መግለጫ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ የጠየቀው ስለዚህ ነው። ምልክት ብቻ መትከል ግን አይበቃም። ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ ሹፌሩን ፍጠን ይለዋል፤ ፍጥነት መግቻ፣ ጠበብ ያለ መስመርና ከፍ ተደርጎ የተሠራ ማቋረጫ ግን ሳይወድ በግዱ ያዘገዩታል።

ዜብራ ራሱ የሚያታልልበት ጊዜ አለ። በአንድ አቅጣጫ ሁለት መስመር ባለው መንገድ ላይ ደግ ሹፌር ለልጅ ይቆማል፣ በእጁም ‹‹እለፍ›› ይለዋል። ልጁ አምኖ ይገባል። ከኋላ የመጣው ሌላ መኪና የቆመው ለምን እንደቆመ ሳያስብ ደርቦ ያልፋል፤ ልጁ ከቆመው መኪና አፍንጫ ብቅ ሲል ይገናኛሉ። የዚህ መድኃኒቱ መስመር መቀነስ፣ ወይም የትራፊክ መብራት መትከልና መሃል ላይ ከፍ ያለ ማረፊያ መሥራት ነው፤ ልጁ በአንድ ጊዜ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያየ በሁለት ዙር ይሻገራል። ማቋረጫው አጠገብ መኪና ማቆም መከልከልም ብዙ ገንዘብ ሳያስወጣ እይታን ይከፍታል። የእግረኛ ድልድይ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው መኪናውን ነው፤ መወጣጫው ረጅም ከሆነ ሰው ከሥሩ ይሻገራል፣ ልጅም አዋቂውን ይከተላል።

ለውጡ የመጣው ብዙ ጊዜ ከሐዘን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በኔዘርላንድስ ከ400 በላይ ልጆች በመንገድ አደጋ ሞቱ። ወላጆች አደባባይ ወጡ፣ መንገድ ዘጉ፤ መኪና በእርምጃ ፍጥነት የሚሄድባቸውና ልጆች የሚጫወቱባቸው የመኖሪያ ሰፈር መንገዶችም በ1976 በሕግ ታወቁ። ስዊድን በ1997 በመንገድ ላይ ሞት ዜሮ እንዲሆን በፓርላማ ወሰነች። በጎረቤቷ ኖርዌይ በ2019 ከ16 ዓመት በታች የሆነ አንድም ልጅ በመንገድ አደጋ አልሞተም። ዳሬሰላምን በመሰሉ የአፍሪካ ከተሞችም በትምህርት ቤቶች ዙሪያ እግረኛ መንገድ፣ ፍጥነት መግቻና ማቋረጫ በመሥራት በልጆች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቀንሷል።

መንገዱ እስኪስተካከል ድረስ ልጅን የሚጠብቀው አብሮት ያለ አዋቂ ነው። ጣት ይሾልካልና የሚያዘው የእጅ አንጓ ነው፤ በመኪናው በኩል የሚሄደውም አዋቂው። ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ ሲመረጥ አጭሩ ሳይሆን አስፋልት የሚሻገሩበት ቦታ ጥቂት የሆነው ይሻላል፤ ልምምዱም በዚያው በእውነተኛው መንገድ ላይ፣ ደጋግሞ ይሁን። ልጁን ሊቀበል መጥቶ ማዶ የቆመ ወላጅ ደግሞ ስሙን አይጥራ፣ እጁንም አያውለብልብ፤ ራሱ ተሻግሮ ይምጣ።