በካርቶኑ ላይ የታተመው ቁጥር፦ ስለ ስልክና ኮምፒውተር አክሰሰሪዎች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አንድ ዘመዴ ከመንገድ ላይ የገዛውን «50,000» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፓወር ባንክ ይዞልኝ መጣና «ስልኬን አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም፤ ችግሩ የስልኩ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። ስልኩን ሳልነካ ፓወር ባንኩን በወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ 190 ግራም ሆነ። መልሱ እዚያው ሚዛን ላይ ነበር፤ ምክንያቱን ከታች አስረዳለሁ። አክሰሰሪዎችን እየፈተሽኩ ስጽፍ ደጋግመው የሚገጥሙኝ ስህተቶች አብዛኛዎቹ የሚመነጩት በካርቶኑ ላይ የታተመው ቁጥር በምን ሁኔታ እንደተለካ ካለማወቅ ነው።

«ባለ 20,000 ፓወር ባንክ ባለ 5,000 ስልክን አራት ጊዜ ይሞላል»

ማካፈሉ ልክ ቢሆንም፣ 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚለው ቁጥር የሚለካው በፓወር ባንኩ ውስጥ ባሉት ሴሎች (ትናንሽ ባትሪዎች) ቮልቴጅ፣ ማለትም በ3.7 ቮልት ሲሆን፣ በዩኤስቢው በኩል የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ 5 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ዕቃዎች ማወዳደር የሚገባው ቮልቴጁንም በሚቆጥረው መለኪያ፣ በዋት-ሰዓት ነው፦ ፓወር ባንኩ 74 ዋት-ሰዓት፣ የስልኩ ባትሪ ደግሞ 19 ዋት-ሰዓት ገደማ ይይዛል። ቮልቴጁ ከፍ ሲደረግና ስልኩ ውስጥ ተመልሶ ሲወርድ የኃይሉ ከፊል ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ በተግባር የሚገኘው ሦስት ጊዜ መሙላት ግድም ነው። ሐቀኛ አምራቾች ይህን አይደብቁም፤ በዕቃው ጀርባ በደቃቅ ፊደል በ5 ቮልት የተለካ፣ ከ12,000 እስከ 13,000 የሚደርስ ሁለተኛ ቁጥር ያትማሉ። ገዢው ግን የሚያየው የፊት ለፊቱን ነው።

ወደ ሚዛኑ ስንመለስ፣ በብዙ ፓወር ባንኮች ውስጥ የሚገኘው ክብ የሊትየም ሴል 18 ሚሊ ሜትር ስፋትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ ከዓይነቱ የተሻለ የሚባለው 3,500 ሚሊአምፔር-ሰዓት ገደማ ሲይዝ፣ ክብደቱ ከ50 ግራም በጥቂቱ ያንሳል። በዚህ ስሌት እውነተኛ ባለ 50,000 ዕቃ 15 ያህል ሴሎች ያስፈልጉታል፤ ሴሎቹ ብቻ ወደ 700 ግራም ይመዝናሉ ማለት ነው። የዘመዴን ዕቃ ስንከፍተው ሁለት ሴሎችና ክብደት እንዲጨምር የተለጠፈ ቁራጭ ብረት ነበረበት። የሚገርመው ግን የውሸቱ ቁጥር ሌላም ጣጣ ማምጣቱ ነው፦ በአውሮፕላን ፓወር ባንክ የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ሲሆን፣ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ፈቃድ፣ እስከ 160 ድረስ ደግሞ በአየር መንገዱ ፈቃድ ይታለፋል። «50,000» የሚለው ጽሑፍ ሲሰላ 185 ዋት-ሰዓት ስለሚሆን፣ መንገደኛው የሌለውን ኃይል ተሸክሟል ተብሎ ዕቃው ሊወሰድበት ይችላል።

«ፍላሼ 64 ጊጋ ተብሎ 59 ብቻ ያሳያል፤ ተጭበርብሬአለሁ»

አልተጭበረበሩም። አምራቹ አንድ ጊጋባይትን አንድ ቢሊዮን ባይት ብሎ ሲቆጥር፣ ዊንዶውስ ደግሞ 1,073,741,824 ባይት ብሎ ይቆጥራል፤ በዚህም ምክንያት 64 ጊጋባይት 59.6 ገደማ፣ አንድ ቴራባይት ደግሞ 931 ጊጋባይት ሆኖ ይታያል። ሊያሳስብ የሚገባው ተቃራኒው ነው፤ በርካሽ ተገዝቶ ልክ ሁለት ቴራባይት ነኝ የሚል ፍላሽ። በእንዲህ ዓይነቱ ፎርጅድ ዕቃ ውስጥ ያለው ትንሽ ቺፕ ለኮምፒውተሩ የውሸት መጠን እንዲናገር ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ፣ ቦታው ካለቀ በኋላ የሚገለበጠው ፋይል ስሙና መጠኑ እየታየ ይዘቱ ግን አይኖርም። የሠርግ ቪዲዮ አስቀምጦ ከወራት በኋላ ለመክፈት የሚሞክር ሰው ነው ጉዳቱን የሚያውቀው። ኤፍ3 (F3) እና ኤች2ቴስትደብሊው (H2testw) የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ፍላሹን እስከ ጫፉ ሞልተው መልሰው በማንበብ እውነተኛውን መጠን ያሳያሉ፤ ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል ማታ አስጀምሮ መተኛት ይሻላል።

«ታይፕ ሲ ከሆነ ፈጣን ነው»

ታይፕ ሲ የሚገልጸው የመሰኪያውን ቅርጽ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አይፎን 15 ታይፕ ሲ ቢኖረውም የመረጃ ፍጥነቱ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው፤ የፕሮ ሞዴሉ እስከ 10 ጊጋቢት ይደርሳል፣ ነገር ግን ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ገመድ ራሱ በ480 የተገደበ በመሆኑ፣ ፍጥነቱን የፈለገ ሰው ሌላ ገመድ መግዛት ይኖርበታል። በኃይል በኩልም ተራ ገመድ እስከ 60 ዋት የሚሸከም ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ለማለፍ አቅሙን ለቻርጀሩ የሚያሳውቅ ቺፕ በውስጡ ሊኖረው ይገባል።

«ባለ 65 ዋት ቻርጀር ስልክ ያቃጥላል፤ ከአሜሪካ የመጣ ደግሞ ትራንስፎርመር ይፈልጋል»

ስልኩና ቻርጀሩ ኃይል ከመፍሰሱ በፊት ስለሚነጋገሩ፣ ስልኩ የሚቀበለውን ያህል ብቻ ጠይቆ ይወስዳል፤ ስለዚህ የላፕቶፕ ቻርጀር ለስልክ መጠቀም ጉዳት የለውም። ከአሜሪካ የተላከ የስልክ ወይም የላፕቶፕ ቻርጀርም «ኢንፑት» ከሚለው ቃል ጎን 100–240 ቮልት ከተጻፈበት በእኛው 220 ቮልት ያለ ችግር ይሠራል፤ የሚያስፈልገው ጠፍጣፋ እግሮቹን የሚቀበል ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። 120 ቮልት ብቻ የተጻፈበት የፀጉር ካውያ ግን በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። እኔ የምፈራው ዋቱን ሳይሆን በጣም የሚቀለውን ፎርጅድ ቻርጀር ነው፤ በውስጡ 220 ቮልቱን ከስልኩ የሚለየው መከላከያ በጣም ቀጭን ሊሆን ይችላል።

ዲቫይደርም ከኃይል መዋዠቅ ይጠብቃል የሚለው እምነት እንዲሁ ስህተት ነው። ተራ ዲቫይደር ሶኬት ከማብዛት ያለፈ ሥራ የለውም፤ ቀይዋ መብራትም ማብሪያ ማጥፊያው መከፈቱን ብቻ ትናገራለች።

«አዲስ ስልክ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ቻርጅ መደረግ አለበት»

ይህ ከኒኬል ባትሪዎች ዘመን የተረፈ ምክር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው የሊትየም አዮን ባትሪ እንዲህ ያለ ማለማመድ አያስፈልገውም፤ የሚጎዳው ሙቀትና ሁልጊዜ ከዜሮ እስከ መቶ መመላለስ ነው።

«9ኤች መስታወት በምንም አይቧጨርም»

በስክሪን ፕሮቴክተር ካርቶን ላይ የሚጻፈው 9ኤች የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ሲሆን፣ ጠንካራው የጽሕፈት እርሳስ መስታወቱን አልቧጨረውም ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም። በማዕድናት የጥንካሬ ደረጃ መስታወት 6 አካባቢ፣ በአሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ደግሞ 7 ላይ ስለሚገኙ፣ ኪስ ውስጥ የገባ አቧራ ያንን ስክሪን ፕሮቴክተር ይቧጭረዋል።

«አምስት ኮከብ ያገኘ ዕቃ አያሳፍርም»

በኢንተርኔት ገበያ ገዢዎች ለዕቃ የሚሰጡት ኮከብ በገንዘብ ይገዛል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሐሰት አስተያየት መግዛትንና መሸጥን የሚከለክል ደንብ ማውጣት አስፈልጎት፣ ደንቡ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። እኔ ማንበብ የምጀምረው ባለ ሦስት ኮከቦቹን ነው፤ ዕቃውን ለወራት ተጠቅመው የወደዱትንም የጠሉትንም ዘርዝረው የሚጽፉ ሰዎች እዚያ ይበዛሉ። ቀኑን መመልከትም ይጠቅማል፤ አንዳንድ ሻጮች አሮጌ ዕቃ ያገኘውን ኮከብ ሳያጠፉ በዚያው ገጽ ላይ ሌላ ዕቃ ይተካሉ። በቅርቡ በአንድ ፓወር ባንክ ሥር ካነበብኳቸው የቆዩ ምስጋናዎች አንዱ «እንቁላል ፈጽሞ አይይዝበትም» ይል ነበር።