ከረንት ገዳቢ ሬዚስተር ምንድን ነው? የትንንሽ ኤልኢዲ መብራቶችን ባትሪ ከመቀየርዎ በፊት

ከረንት ገዳቢ ሬዚስተር ከኤልኢዲው ጋር በተከታታይ የሚታሰር፣ የሚያልፈውን ከረንት በልክ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ ነው። የገና ዛፍ መብራት ድንጋዩ ሲያልቅበት በፓወር ባንክ ወይም በሞተር ሳይክል ባትሪ ሲሞከር የሚቃጠለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ዕቃ ሳይታወቅ ተቆርጦ ስለሚጣል ነው።

ኤልኢዲ እንደ ድሮው አምፖል አይደለም። የአምፖል ሽቦ ሲግል ከረንቱን ራሱ ይቀንሳል። ኤልኢዲ ግን የሚበራበት የራሱ ቮልት አለው፦ ቀዩ 2 አካባቢ፣ ነጩና ሰማያዊው ከ3 እስከ 3.4። ከዚያ ትንሽ ሲያልፍ ከረንቱ በአንዴ ያሻቅባል፤ ሲግል ደግሞ የሚበራበት ቮልት ስለሚወርድ ይብስበታል። ተራው ባለ 5 ሚሊሜትር ኤልኢዲ የሚችለው 20 ሚሊአምፒር ነው። 15 በቂው ነው፤ የብርሃኑ ልዩነት ለዓይን እምብዛም አይታይም።

ታዲያ ሬዚስተሩ የት አለ? በሦስት ድንጋይ (4.5 ቮልት) በሚሠሩት ላይ ብዙ ጊዜ የተበየደው ድንጋይ ማስቀመጫው ውስጥ፣ ከማብሪያው አጠገብ ነው። ማስቀመጫውን ቆርጠው ከጣሉት አብሮ ይሄዳል። በሲአር2032 ክብ ድንጋይ በሚሠሩት ላይ ጭራሹን ላይኖር ይችላል፤ የድንጋዩ የውስጥ ሬዚስታንስ (ከረንትን የሚያግድበት መጠን፣ በኦም የሚለካ) ከፍተኛ ስለሆነ ገዳቢው ራሱ ድንጋዩ ነው። በትልቅ ባትሪ ሲተካ ያ ልጓም ይጠፋል። ስለዚህ ከመቁረጥዎ በፊት ማስቀመጫውን ከፍተው ይዩ።

ስሌቱ አጭር ነው። ከባትሪው ቮልት የኤልኢዲውን ቮልት ቀንሰው፣ ቀሪውን ለሚፈልጉት ከረንት በአምፒር ያካፍሉ። ለአንድ ነጭ ኤልኢዲ በ5 ቮልት ዩኤስቢ፦ 5 ሲቀነስ 3.2 እኩል ይሆናል 1.8፤ ለ0.015 ሲካፈል 120 ኦም (በሬዚስተሩ ላይ ያሉት የቀለም ቀለበቶች ቡኒ፣ ቀይ፣ ቡኒ)። ሩብ ዋት ይበቃል።

ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚወጣው 18650 የሚባለው ቻርጅ የሚደረግ ሊቲየም ሴል 3.7 ቮልት ተብሎ ቢጻፍበትም ሲሞላ 4.2 ነው፤ በ4.2 ያስሉ፣ ለአንድ ነጭ 68 ኦም ያስገቡ። መከላከያ ሰርኪት የሌለውን ሴል ግን አይጠቀሙ፤ ገመዱ ሾርት ቢያደርግ እሳት ይነሳል።

ባለ 12 ቮልቱ የሞተር ሳይክል ባትሪ ቻርጅ ላይ ሲሆን 14.4 ገደማ ይደርሳል። በእሱ ላይ አንድ ኤልኢዲ ብቻ ማሰር ኃይሉን በሙቀት መጨረስ ነው። ሦስት ነጮችን በተከታታይ ከ330 ኦም ጋር ያያይዙ፦ በ14.4 ወደ 14.5 ሚሊአምፒር፣ በ12 ወደ 7 ይሳባል። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ የ1 አምፒር ፊውዝ አይርሱ።

በትይዩ (ኤልኢዲዎቹ ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ ከሁለቱ ሽቦዎች ጋር) ለታሰረ ሙሉ ገመድ ከመገመት መለካት ይሻላል። በአዲስ ድንጋይ አብርተው፣ ከሬዚስተሩ በኋላ ገመዱ ላይ ያለውን ቮልትና የሚሳበውን ከረንት በመልቲሜትር ያንብቡ። 3 ቮልትና 60 ሚሊአምፒር ካሳየ፣ ለዩኤስቢ 2 ሲካፈል ለ0.06፣ 33 ኦም ይሆናል። በዚህ ገመድ ላይ በተበላሸ ነጭ ምትክ ቀይ አያስገቡ፤ ቀዩ በዝቅተኛ ቮልት ስለሚበራ ከረንቱን ወደ ራሱ ይስባል፣ ነጮቹም ይደበዝዛሉ።

ሁሉም በትክክል ታስሮ መብራቱ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ከጠፋ፣ ሬዚስተሩን ከመቀየርዎ በፊት ፓወር ባንኩን ይጠርጥሩ። ብዙዎቹ የሚሳበው ከረንት ሲያንስ ስልኩ የሞላ መስሏቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ሌላ ገመድ በትይዩ መጨመር ወይም በቀጥታ የስልክ ቻርጀር ላይ መሰካት ይፈታዋል።