የዓይን ቅርጽ ልዩነት ከየት ይመጣል?

የሰዎች ዓይን ከአገር አገር የተለያየ የሚመስለው በዓይን ኳሱ ምክንያት አይደለም። የአዋቂ ሰው የዓይን ኳስ ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ በየትም ቦታ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ያለው ኳሱን በከበበው አካል ላይ ነው፦ በቆዳው፣ በላይኛው የዓይን ቆብ ውስጥ ባለው ስብ፣ በጡንቻው አያያዝና በሁለቱ ዓይኖች መካከል ባለው የአፍንጫ አጥንት ከፍታ።

ዓይን ሲገለጥ በላይኛው ቆብ ላይ የሚታየው መስመር የሚፈጠረው ቆቡን የሚያነሳው ጡንቻ ቀጫጭን ክሮቹን ወደ ቆዳው ስለሚልክ ነው፤ ጡንቻው ሲሳብ ቆዳው አብሮ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በአውሮፓውያን ዘንድ መስመሩ ከሽፋሽፍቱ ሥር ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። በብዙ የምሥራቅ እስያ ሰዎች ግን ስቡን የሚይዘው ስስ ሽፋን ከጡንቻው ጅማት ጋር የሚገጥመው ዝቅ ብሎ ነው። ስቡ ወደ ታች ይወርዳል፣ ክሮቹም ቆዳው ላይ እንዳይደርሱ ያግዳል፤ ቆቡ ሞላ ብሎ መስመር አልባ የሚሆነው ለዚህ ነው። ይህም ለሁሉም አይሠራም። ከአንድ ቻይናዊ ቤተሰብ አንዱ ልጅ መስመር ሲኖረው ወንድሙ ላይኖረው ይችላል፤ በአንድ ዓይኑ ብቻ ያለውም አለ።

የውስጠኛውን የዓይን ጥግ የሚሸፍነው የቆዳ እጥፋት ከዚህ የተለየ ነገር ነው። በምሥራቅና በመካከለኛው እስያ፣ በአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና በካላሃሪ የሳን ሕዝብ ዘንድ ይታያል። ከብርድና ከበረዶ ነጸብራቅ ለመጠበቅ የመጣ ነው የሚለው ግምት በሰፊው ቢነገርም አልተረጋገጠም፤ የካላሃሪው ምሳሌ ብቻውን ጥርጣሬ ውስጥ ይከተዋል።

እጥፋቱ በአዲስ አበባም ሆነ በኦስሎ በሚወለዱ ብዙ ሕፃናት ላይ አለ፤ የአፍንጫ አጥንት ከፍ ሲል ቆዳው ተስቦ ይጠፋል። እስከዚያ ግን ወደ አፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ነጭ ስለሚሸፍን ወላጆች ልጃቸው ሸውራራ የሆነ ይመስላቸዋል። መለየት ከባድ አይደለም። ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ትንሽ ባትሪ ፊት ለፊት ይበራል። የብርሃኑ ነጥብ በሁለቱም ብሌኖች ላይ አንድ ዓይነት ቦታ ካረፈ ዓይኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው ማለት ነው፤ አንዱ ነጥብ 1 ሚሊ ሜትር ቢያፈነግጥ ግን ዓይኑ በ7 ዲግሪ ገደማ ዞሯል። ከአራት ወር በኋላ ዓይኑ የሚዞር ሕፃን ሐኪም ማየት አለበት፤ እውነተኛ ሸውራራነት ሳይታከም ከቆየ የዞረው ዓይን እይታ ይደክማል።

ሌላው ትኩረት የሚሻ ነገር በምሥራቅ እስያ ልጆች ላይ የሚበዛው የታችኛው ቆብ ትርፍ ቆዳ ነው። ሽፋሽፍቱን ወደ ላይ ገፍቶ ከዓይኑ ጋር ያነካካዋል። ብዙ ጊዜ ፊት ሲያድግ ይስተካከላል፤ ዓይን ዘወትር የሚያነባ፣ የሚቀላና ብርሃን የሚፈራ ከሆነ ግን ጥቁሩ ክፍል እየተቧጨረ ስለሆነ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

በላይኛው ቆብ ላይ መስመር የማውጣት ቀዶ ሕክምና በጃፓን በ1896 ሚካሞ በተባለ ሐኪም በጽሑፍ ቀርቧል። በስፌት ብቻ ሲሠራ ጠባሳው ትንሽ ነው፤ ክሩ ሲላላ ግን መስመሩ ሊጠፋ ይችላል። በመቅደድ የሚሠራው ይጸናል፣ ጠባሳው ግን ይበልጣል። ብዙ የሚያበላሸው የአውሮፓውያንን ልክ መጠቀም ነው፦ ቆቡን ከውስጥ የሚደግፈው ጠንካራ ሰሌዳ ከፍታ በአውሮፓውያን 10፣ በምሥራቅ እስያውያን 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከዚያ በላይ የወጣ መስመር ከፊቱ ጋር አይስማማም፤ አንዴ ከፍ ብሎ የተሠራን መስመር መልሶ ዝቅ ማድረግ ደግሞ ከመጀመሪያው ሥራ ይከብዳል።