ከወሎ ወደ ፋይናንሻል ኢንጂነሪንግ፦ የማስተርስ ማመልከቻ ዝግጅት

ፋይናንሻል ኢንጂነሪንግ ሒሳብን፣ ስታትስቲክስንና ፕሮግራሚንግን ይዞ ወደ ገንዘብ ገበያ የሚገባ የትምህርት ዘርፍ ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች «ኳንቲታቲቭ ፋይናንስ»፣ ሌሎች «ማቲማቲካል ፋይናንስ» ይሉታል። ስሙ ቢለያይም የሚጠይቀው ዝግጅት ተቀራራቢ ነው። ይህ ዳሰሳ የተሰናዳው ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ ተነስተው ለሚያመለክቱ ልጆች ነው። በአማርኛ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ስላላገኘሁት ነው የጻፍኩት።

ዘርፉ ምን ያጠናል?

ነገሩ በባቲ ገበያ ይገባል። ባቲ ሰኞ ሰኞ ግመል ይሸጣል። አንድ ግመል ዛሬ 100 ሺህ ብር ነው እንበል። ነጋዴው ለባለግመሉ 5 ሺህ ብር ይሰጥና «ከሦስት ወር በኋላ ከፈለግሁ በዚሁ በ100 ሺህ ትሸጥልኛለህ፤ ካልፈለግሁም 5 ሺዋ ያንተ ናት» ብሎ ይዋዋላል። ዋጋው 120 ሺህ ከገባ ነጋዴው ገዝቶ ይሸጥና 15 ሺህ ያተርፋል። ወደ 80 ሺህ ከወረደ ግመሉን ይተወዋል፤ የሚከስረው 5 ሺዋን ብቻ ነው። ይህ የመግዛት መብት «ኦፕሽን» ይባላል።

ታዲያ ለመብቱ 5 ሺህ ብር ተገቢ ዋጋ ነው? ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ በ1973 እ.ኤ.አ. መልሱን በቀመር አስቀመጡት። ሮበርት መርተንም በዚያው ዓመት አሰፋው። ሾልስና መርተን በ1997 እ.ኤ.አ. ኖቤል ሲሸለሙ ብላክ አርፎ ነበር። የቀመሩ ውበት እዚህ ላይ ነው፦ ግመሉ ይወደዳል ወይስ ይረክሳል ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዋጋው ምን ያህል ይዋዥቃል የሚለውን ነው።

ወለድና መሰል ጉዳዮች የሚያሳስቧቸው የወሎ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ብዙ ዑለማዎች ኦፕሽንን አይፈቅዱም። ኢስላማዊ ፋይናንስ ግን ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል፤ ሒሳቡም እዚያ ያገለግላል።

የሒሳብ መሠረት

ወሎ ትምህርት ፍለጋ አገር ለአገር መዞርን አሳምሮ ያውቃል። ደረሳው ሸኽ ፍለጋ ሲሄድ፣ የቆሎ ተማሪውም ለቅኔ ዋድላ ሲወርድ ኖሯል። የዛሬው ተጓዥ ደግሞ ስንቁ ሒሳብ ነው።

ፕሮግራሞቹ የሚፈልጉት የታወቀ ነው፦ ካልኩለስ እስከ ብዙ ተለዋዋጮች ድረስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ፕሮባቢሊቲና ስታትስቲክስ። ከፕሮግራሚንግ ፓይተን የግድ ነው፤ ሲ ፕላስ ፕላስ ቢጨመር ይመረጣል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ሒሳብ ወይም ስታትስቲክስ የተማረ ልጅ አብዛኛው በእጁ ነው። የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምህንድስና ልጆችም እንዲሁ። ደሴ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ኢንተግራል ኒውዮርክ ላይም ያው ነው።

የምህንድስና ልጆችን የሚጎዳ አንድ ነገር ግን አለ። ትራንስክሪፕታቸው ላይ የሚታየው «አፕላይድ ማቲማቲክስ» 1፣ 2 እና 3 ብቻ ነው። እኛ ውስጡን እናውቀዋለን፦ ማትሪክስ፣ ተከታታዮች፣ ድርብ ኢንተግራል፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ላፕላስ። ውጭ ያለው ተማሪ መራጭ ኮሚቴ ግን ከስሙ ሊገምተው አይችልም። ስለዚህ የየኮርሱን ዝርዝር ይዘት ከትምህርት ክፍሉ አስወጥቶ አንድ ገጽ ላይ አዘጋጅቶ ማያያዝ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ማንም አይዝለለው።

የአካውንቲንግና የኢኮኖሚክስ ተመራቂዎች በቀጥታ ይገባሉ የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። አንድ ዓመት ለሊኒየር አልጀብራና ለፕሮባቢሊቲ ሰጥቶ፣ ፈተና ያለውና ሰርተፍኬት የሚሰጥ ኦንላይን ኮርስ ጨርሶ ማመልከት ያዋጣል።

ፈተናዎች

ለማስተርስና ለፒኤችዲ መግቢያ የሚወሰደው የጂአርኢ ፈተና ቀርቷል ሲባል ይሰማል። ከኮሮና በኋላ ብዙ ፕሮግራሞች በምርጫ አደረጉት እንጂ ጨርሶ አልቀረም። ግቢያችሁን ለማያውቅ ኮሚቴ ከፍተኛ የሒሳብ ውጤት ማሳየት ትልቅ ነገር ነው። የሒሳቡ ክፍል ከ130 እስከ 170 ይታረማል። ለዚህ ዘርፍ ከ165 በላይ ማለም ይገባል። ፈተናው ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ወዲህ አጥሮ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሆኗል፤ ውጤቱም 5 ዓመት ያገለግላል። የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያዎቹ የቶፍልና የአይልትስ ውጤት ግን የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ስለሆነ ቀድሞ መፈተን አይጠቅምም።

ጂአርኢን ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ሆኖም መብራት ወይም ኔትወርክ መሀል ላይ ከሄደ ጣጣ ነው። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መፈተን ይሻላል። ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ገብቶ ማረፍ ነው።

ሰነዶች

ስም ላይ ተጠንቀቁ። ሰይድና መሐመድ በበዙበት አገር አንድ ስም በእንግሊዝኛ ሦስት ዓይነት ይጻፋል። ሰይድ ዲግሪው ላይ Seid፣ ፓስፖርቱ ላይ Seyid ተብሎ ከተጻፈ ፈተናው በር ላይ ችግር ይመጣል። ከሁሉ በፊት ፓስፖርት ይውጣ፤ ሌላው ሁሉ በፓስፖርቱ ፊደል ይሞላ።

ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ፣ የሬጅስትራሩ ማኅተም መዝጊያው ላይ ግማሽ በግማሽ አርፎ ይወጣል። ፖስታው በእጃችሁ ከተከፈተ አበቃ። ከዚያ በፊት የወጪ መጋራት ዕዳ መጣራት አለበት። ይህ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ከሰኔ በፊት ይጀመር።

ሪኮመንደሽን (የድጋፍ ደብዳቤ) ብዙውን ጊዜ ሦስት ይጠየቃል። ቢያንስ ሁለቱ የሒሳብ ክብደት ያለው ኮርስ ካስተማሩ መምህራን ይሁኑ። ቅጹ የሚላከው በኢሜይል ስለሆነ መምህሩን ቢሮ ሄዶ ማናገርና በአክብሮት ማስታወስ ያስፈልጋል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው ነበር። ዩኒቨርሲቲያችን ተዘርፏል፤ ላብራቶሪዎቹም ወድመዋል። በዚያ ምክንያት ትራንስክሪፕቱ ላይ ክፍተት ያለበት ልጅ በስቴትመንቱ (ለምን መማር እንደሚፈልግ በሚያስረዳበት ጽሑፍ) በሁለት ዓረፍተ ነገር ይግለጸው። ሊያፍርበት አይገባም።

ገንዘብ

የአሜሪካ ፕሮግራሞች ውድ ናቸው። ከ60 ሺህ ዶላር በላይ የሚያስከፍሉ ብዙ ናቸው፤ ለማስተርስ ሙሉ ስኮላርሺፕም ብርቅ ነው። ለፒኤችዲ ነገሩ ይሻላል። የማመልከቻ ክፍያ እንዲቀርላችሁ በኢሜይል ጠይቁ፤ ብዙዎች ይፈቅዳሉ። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ያለው ኤዱኬሽን ዩኤስኤ በነፃ ያማክራል።

እኔ ለወሎ ልጅ አስቀድሜ የምጠቁመው ሁለት ነው። አንዱ ወርልድኳንት ዩኒቨርሲቲ ነው። የ2 ዓመት የፋይናንሻል ኢንጂነሪንግ ማስተርስ ኦንላይን፣ ሙሉ በሙሉ በነፃ ይሰጣል። የሒሳብ መግቢያ ፈተና ስላለው አቅልሎ ማየት አይገባም። ሁለተኛው በ2003 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ላይ የተመሠረተው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም፣ ኤይምስ ነው። ሩዋንዳን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ማዕከላት አሉት፤ ለማስተርስ ተማሪዎቹም ትምህርቱን፣ ማደሪያውንና ምግቡን ይችላል።

የጊዜ ሰሌዳ

የአሜሪካ ማመልከቻ ከጥቅምት እስከ የካቲት በዙር ይዘጋል። የስኮላርሺፕ ገንዘብ ካለ የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ነው። ጂአርኢ ክረምት ላይ ይወሰድ፤ ስቴትመንት መስከረም ላይ ይለቅ። መልስ የሚመጣው ባብዛኛው ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው።

ስቴትመንቱ ላይ የአገር ጉዳይ ማንሳት ይጠቅማል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቷል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያም ጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ለጥሬ ዕቃው ነገ በስንት ብር ዶላር እንደሚገዛ አያውቅም። ያንን ስጋት መለካት ራሱ የፋይናንሻል ኢንጂነሪንግ ሥራ ነው።